ነፍቻለሁ

ስሟን ባልነግራችሁም የማትቸገሩባት አንዲት አገር ነበረች። የተቀመጠችው በአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ ነው። የተራራው ድንጋይ የላላ ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃና ቋጥኝ እየዘረገፈ ይወርዳል። ይህን ናዳ ከከተማው አሳልፎ ወደ ወንዙ የሚወስድ አንድ ሰፊ ቦይ ነበር። ቦዩን የሚጠርጉት ደግሞ በአገሩ ትልቅ ክብር ያላቸው ማሽኖች ነበሩ፤ ጭቃውን የሚገፉ ዶዘሮችና ቋጥኙን በረጅም ክንዳቸው እያነሱ ከቦዩ የሚያወጡ ኤክስካቫተሮች። ሕዝቡ ከፍታው ላይ ባለው ላይ ሰፈርና በቦዩ ጥግ ባለው ታች ሰፈር ተከፍሎ ይኖራል። የላይ ሰፈር ሰው ስለ ቦዩ ብዙም አያስብም። የታች ሰፈር ሰው ግን ማሽኖቹ ሲያጓሩ እየሰማ ይተኛል፣ ሲያጓሩ እየሰማ ይነቃል።

በዚያ አገር ማሽን የዕረፍት ቀን ነበረው። የተወሰነ ጊዜ ከሠራ በኋላ፣ ደህና ቢመስልም ባይመስልም፣ ይቆማል። ክንዱ መሬት ይነካል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ የጠቆረው ዘይት ተቀድቶ አዲስ ይገባለታል፤ ፊልትሮው ይቀየራል፤ መገጣጠሚያው ሁሉ ግራሶ ይጠጣል፤ የሳሳ ቱቦ፣ የላላ ብሎን እየታየ ይተካል። የተበላሸን ነገር መጠገን የማንም አገር ሥራ ነው፤ የዚያ አገር የድሮ ሕግ ግን ‹ሳይበላሽ እዩት› ይል ነበር። በዕረፍት ቀን ሸለቆው ጸጥ ይላል። ታች ሰፈር ያሉ ሰዎች ከወንዙ ማዶ የሚጮኸውን የወፍ ድምፅ የሚሰሙት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ቀኑ መድረሱን አውቆ፣ ከቦዩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ መለከት የሚነፋው ሹም አሳራፊ ይባላል። አሳራፊው ከነፋ ንጉሡም ቢሆን ‹ቀጥሉ› ማለት አይችልም። ይህን ሹመት ከአባቱ የወረሰ ቢረሳው የሚባል ሰው ነበር፤ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ከመንገድ ወጥቶ ሰላም ሲለው ደስ የሚለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለኋላው ሥራው ማመካኛ እንዲሆነው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር።

ከኤክስካቫተር ነጂዎቹ መካከል እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ የቢረሳው የልብ ወዳጅ ነበር፤ ሲሞት አደራ ብሎት ስለሄደ፣ ነጂነት እንድትማር ፈቃድ የለመነላት ቢረሳው ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የወጣች ዕለት ከታች ሆኖ ቀና ብሎ አያት።

‹ሌላውን ሁሉ እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ› አላት። ‹አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። እኔ ስነፋ አቁሚ።›

‹እርስዎ ሲነፉ አቆማለሁ፣ ጋሼ› አለችው።

እንዲህ ሆነው ብዙ ክረምት አሳለፉ።

አንድ ዓመት ግን ከጎረቤት አገር አንድ መልእክተኛ መጣ። የመጣው በዕረፍት ቀን ነበር። ንጉሡ ሰገነት ላይ አውጥቶ አገሩን ቢያሳየው፣ መልእክተኛው ጸጥ ያለውን ሸለቆ አየና ‹ሰዎቻችሁ ወዴት ሄዱ?› ብሎ ጠየቀ። በክፋት አልነበረም፤ ገርሞት ነው። ንጉሡ ግን ፊቱ ቀላ። በማግሥቱ የትጋት አዛዥ የሚባል አዲስ ሹመት ተፈጠረ፤ ለሹመቱም ልሳነወርቅ የሚባል፣ ሳቂታና አንደበቱ የለዘበ ሰው ተገኘ።

ልሳነወርቅ ሥራውን የጀመረው በቃል ነው። ‹መቆም› የሚለው ቃል ከአገሩ እንዲወጣ አዋጅ አስነገረ። ‹ቆሜ ጠበቅሁህ› ማለት ቀረና ‹ሳልሄድ ጠበቅሁህ› ሆነ። አንድ ጠበቃ ደንበኛውን ‹እቆምልሃለሁ› ብሎ በማጽናናቱ ተቀጣ። ሚስት ሳያገቡ ያረጁ ወንዶች እንኳ ‹ቆሞ ቀር› መባላቸው ተከልክሎ ‹ሄዶ ቀር› ተባሉ። በሹም ፊት የቀረበ ሰው ሁሉ፣ እስኪሰናበት ድረስ፣ ባለበት ሆኖ እግሩን እያፈራረቀ ማንሣትና መጣል ግዴታው ሆነ። መጀመሪያ ሰው ተሳሳቀ። ከዚያ ለመደ። ከዚያ ደግሞ እግሩን ቀርፈፍ አድርጎ የሚያነሣውን ጎረቤቱን በዓይኑ መከታተል ጀመረ።

በመጨረሻ አዛዡ የማሽኖቹን ጉዳይ አነሣ። ሹማምንቱን ሰብስቦ እግራቸውን እየረገጡ ሳሉ እንዲህ አላቸው።

‹ዕረፍት ይቅር ያልሁ እንዳይመስላችሁ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ እንዲያውም እናከብረዋለን። መለከቱ ይነፋል። ማሽኖቹ ግን ከእንግዲህ እየሠሩ ያርፋሉ።›

የመጋዘን ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። ‹ጌታዬ፣ እየሠሩ ከሆነ ዘይቱ እንዴት ይቀየራል?›

‹አይቀየርም። ይቀባል› አለ ልሳነወርቅ ፈገግ ብሎ። ‹ቀቢ የሚባል ሹም እንሾማለን። ንጹሕ ዘይት በሰጎን ላባ ነክሮ የማሽኑን ግንባር ያስነካል። ማሽኑም ያርፋል።›

የመጋዘን ሹሙ ዝም አለ። ዝምታውም እንደ መስማማት ተቆጠረለት። አዛዡ ወደ ቢረሳው ዞረ።

‹አሳራፊ ቢረሳው፣ እንግዲህ የአባትህ ሥራ ከበረ ወይስ ተዋረደ? አንተው ፍረድ።›

ሁሉም ሰው አየው። ቢረሳው ከሞተር ሲወርድ የሚያውቀውን ጥቁር ዘይት አሰበ፤ አባቱ ዘይቱን በሁለት ጣቱ መሐል እያሻ ውስጡ የብረት ደቃቅ እንዳለ ሲፈትሽ ታየው። ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። እግሮቹ ግን ይነሣሉ ይወድቃሉ፤ ግራ ቀኙም ያሉት ሰዎች እግር ይነሣል ይወድቃል። በዚያ ሁሉ እግር መሐል የእሱ ድምፅ ብቻውን እንዴት እንደሚሰማ አስቦ ፈራ።

‹ከበረ፣ ጌታዬ› አለ።

በዚያው ሳምንት ዋና አሳራፊ ተባለ፤ ላይ ሰፈርም ቤት ተሰጠው።

የመጀመሪያው አዲስ ዕረፍት በደረሰ ቀን ቢረሳው ጉብታው ላይ ወጥቶ ነፋ። ማሽኖቹ ማጓራታቸውን ቀጠሉ። አንዱ ብቻ ቆመ። እማዋይሽ የኤክስካቫተሯን ክንድ ቀስ አድርጋ መሬት አስነካችና ሞተሩን አጠፋች። ቀቢው ላባውን እንደያዘ ግራ ገባው። አዛዡ ከሰገነቱ ወደ ታች ሲያይ ቢረሳው ተመለከተና እየሮጠ ወረደ።

‹እማዋይ፣ ልጄ፣ አስነሺው።›

‹ነፉ እኮ፣ ጋሼ።›

‹ነፋሁ። ግን አሁን እየሠራ ነው የሚያርፈው።›

‹እየሠራ የሚያርፍ ነገር ምን አለ?›

‹ሕጉ ነው። እባክሽ፣ በሰው ፊት አታሳፍሪኝ።›

ትንሽ አየችው። ከዚያ ቁልፉን አዞረች። ቀቢው መሰላል ላይ ወጥቶ የማሽኑን ግንባር በላባ ነካ ነካ አደረገ፤ ሹማምንቱም አጨበጨቡ። ቢረሳው ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገደኛው ሁሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሰላም አለው። ጉዳዩ ይህን ያህል አልከበደውም። ኋላ ያስጨነቀው ይኸው ነበር፤ ያኔ አለመክበዱ።

ዕረፍት መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም መጣ፣ ሄደ። መለከቱ በየጊዜው ተነፋ፤ ላባው በየጊዜው ነካ። የሞተሮቹ ዘይት እንደ ሬንጅ ወፈረ። መገጣጠሚያዎቹ ግራሶ አጥተው ሲጮኹ፣ አዛዡ ‹የትጋት ዜማ› ብሎ ስም አወጣለት።

በጋው ሊያልቅ ሲል እማዋይሽ ላይ ሰፈር ወደሚገኘው የቢረሳው ቤት መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። ወንበር ቢሰጣት ነጩን የወንበር ልብስ አየችና አልቀመጥም አለች።

‹ጋሼ፣ የክንዱ መታጠፊያ ላይ ያለው ቱቦ አብጧል። ዘይት ያነባል። ባዶውን ሲነሣ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቀን ይስጡኝ። የእውነት የሆነ አንድ ቀን።›

‹ለአዛዡ እነግረዋለሁ። አይዞሽ።›

‹መቼ?›

‹ሰሞኑን።›

አልነገረውም። ሊነግረው ሁለት ጊዜ ወደ አዛዡ ደጅ ሄዶ፣ ስለ ጤናው ጠይቆት ተመለሰ። እማዋይሽ ዳግመኛ በመጣች ጊዜ ድምፅዋን ከግቢው በር ሰማና ሚስቱን በዓይኑ ጠቀሳት። ሚስቱ ወጥታ ‹የሉም› አለቻት። እሱ ከጓዳው በር ኋላ ሆኖ ትንፋሹን ያዘ። እማዋይሽ ‹ሲመጡ መጥታ ነበር በሉልኝ› አለችና ሄደች። ጫማው ደጃፉ ላይ ነበር። ሳታየው አልቀረችም።

ክረምቱ ገባ። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ሰሞን የዕረፍት ቀን ደርሶ ቢረሳው ነፋ፤ ቀቢው በጃንጥላ ተከልሎ ቀባ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ በቀትር፣ ተራራው ተናደ።

ቢረሳው ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ሁሉን አየው። ጭቃው እንደ ጎርፍ ሳይሆን እንደ ከብት መንጋ እየተገፋፋ መጣ። ዶዘሮቹ ገፉ። የእማዋይሽ ኤክስካቫተር አንድ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ከቦዩ አፍ አቅፎ አነሣ። ክንዱ ከፍ አለ፤ ከዚያ መታጠፊያው ላይ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ዘይቱ እንደ ጭስ በነነ። ክንዱ ከነቋጥኙ ወደቀና ቦዩን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። እማዋይሽ ከወንበሯ ተወርውራ ወጣች። ናዳው የለመደውን መንገድ ቢያጣ ወደ ታች ሰፈር ዞረ።

ታች ሰፈር ያለው አብዛኛው ሕዝብ ልጁን እያንጠለጠለ ወደ ላይ ሮጠ። ያልሮጡም ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ችሎት ተቀመጠ። ሐዘን መቀመጥ እንደ መቆም ተቆጥሮ ስለተከለከለ፣ ዘመዶቻቸውን ያጡት ሰዎች አደባባዩ ላይ እግራቸውን እየረገጡ አለቀሱ። እማዋይሽ ትከሻዋ ተጠምዝዞ በሻሽ ታስሮ ቀረበች። በአገሩ የችሎት ሥርዓት ምስክር ከተጠየቀው በላይ አንድ ቃል መጨመር አይችልም።

‹ቀቢ፣ ላባውን አስነክተሃል?›

‹አስነክቻለሁ።›

‹አሳራፊ፣ መለከቱን ነፍተሃል?›

ቢረሳው እግሩን እየረገጠ ‹ነፍቻለሁ› አለ።

እውነት ነበር። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ያለ እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚያም ያለ ውሸት።

‹እንግዲህ ግልጽ ነው› አለ ልሳነወርቅ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። ‹መለከት የተነፋለት፣ ላባ የነካው ማሽን ያረፈ ማሽን ነው። ያረፈ ማሽን ደግሞ አይሰበርም። የሰበረው ሰው አለ ማለት ነው። እማዋይሽ፣ የምትናገሪው አለሽ?›

እማዋይሽ አዛዡን አላየችም። ‹ጋሽ ቢረሳው ይንገሯችሁ› አለች።

የእግር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቢረሳው አንገቱን ደፍቶ የራሱን ጫማ አየ። ይነሣል፣ ይወድቃል። ይነሣል፣ ይወድቃል። የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር።

ፍርዱ ተነበበ። ታች ሰፈርን የሸፈነውን ጭቃ፣ መሬቱ እስኪታይ ድረስ፣ እማዋይሽ በአካፋ ታወጣለች። ሌላው ሕዝብ ወደየሥራው ይመለሳል።

ቢረሳውን ማንም አልወቀሰውም። ጎረቤቶቹ ‹ቁጥብ አድርገህ ጥሩ መሰከርክ› አሉት። ሚስቱ ስለዚያ ቀን አንሥታ አታውቅም፤ ምግብ ስታቀርብለት ብቻ ፊቱን አታየውም ነበር። ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከት፣ በዚያ ሁሉ ቡናማ ጭቃ መሐል አንዲት ትንሽ ሰው በአንድ እጇ አካፋ ስትጭንና ስትደፋ ትታየዋለች። በሩን ዘጋ። በሩን መዝጋቱ ደግሞ ከጓዳው በር ኋላ የቆመበትን ቀን አስታወሰው። እንደገና ከፈተው።

በቀጣዩ የሹማምንት ጉባኤ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ፣ ቢረሳው ሳይጠራ ወደ መሐል ወጣ። እግሩን አላነሣም። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠባቂዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዘመን አልፏቸዋልና ምን እንደሚደረግ ጠፋባቸው።

‹ነፍቻለሁ ያልሁት እውነት ነው› አለ። ‹ማሽኑ ግን አላረፈም። ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም። ቱቦው ማበጡን እማዋይሽ ቤቴ ድረስ መጥታ ነግራኛለች። እናገራለሁ ብዬ አልተናገርሁም። ስትመለስ ተደበቅኋት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ፍርዱን ወደ እኔ አዙሩት።›

ልሳነወርቅ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወረደና ክንዱን በቢረሳው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

‹ወገኖቼ፣ እዩት› አለ። ‹በሥራ ብዛት የደከመ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። የሌላውን ጥፋት በራሱ ላይ እስኪያይ ድረስ ለአገሩ የተጨነቀ ሰው! እስከ ዛሬ ሁሉን ሲያሳርፍ እሱን ያሳረፈው አለ? የለም። ቀቢ!›

ቀቢው ላባውን ይዞ መጣ። ቢረሳው ‹አይሆንም፣ ስሙኝ› አለ፤ ሁለት ጠባቂዎች ግን በፍቅር መንፈስ፣ ሳያሳምሙ፣ ክንዱን ያዙት። ቀዝቃዛው ዘይት ግንባሩ ላይ አረፈ። ወደ ቅንድቡ ወረደ፣ ወደ ዓይኑ ገባ፣ በአፍንጫው ጎን አድርጎ ከንፈሩ ላይ ደረሰ።

‹አርፏል!› አለ ልሳነወርቅ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዳንዱ ከልቡ ነበር ያጨበጨበው፤ አንዳንዱ ደግሞ እያጨበጨበ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞር ነበር። ቢረሳው ያን የዞረ ዓይን አወቀው። የራሱ ነበር።

ከአደባባዩ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። ቁልቁል ወረደ። ጭቃው ከጉልበቱ በላይ በሆነበት ቦታ እማዋይሽን አገኛት። ቀና ብላ በዘይት የራሰ ፊቱን አየች።

‹ማን ላከህ?› አለችው። ‹እርስዎ› ማለቷን ትታ ነበር።

‹ማንም አልላከኝም። በአደባባይ ተናገርሁ። አልሰሙኝም።›

‹ሰምተውሃል።›

‹ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አባትሽ አደራ . . .›

‹አባቴን አታንሣ።› አካፋዋን ጭቃው ላይ ወጋችው። ‹እኔም ቱቦው ማበጡን እያወቅሁ በየቀኑ ወንበሩ ላይ ወጥቻለሁ። ለራሴ የሚበቃ ይቅርታ እንኳ አላገኘሁም፤ ለአንተ የሚተርፍ ከየት ላምጣ? ሌላ አካፋ እዚያ አለ።›

አካፋውን አነሣ። እሷ ከጀመረችበት ራቅ ብሎ መቆፈር ጀመረ። ማታ ላይ መዳፉ ተላጠ። በማግሥቱም መጣ፤ ከዚያም በኋላ በየቀኑ መጣ። አንድም ቃል አላናገረችውም። ከላይ ሰፈር ሰዎች ሲያዩት ‹ዕረፍቱን በጤና እየተጠቀመበት ነው› ተባለ። ጉብታው ላይ ሌላ አሳራፊ ተሾመ።

ክረምቱ ሊያባራ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የአንድ አነስተኛ ቤት ግድግዳ ከጭቃው ብቅ አለ። ጣሪያው ወደ ውስጥ ወድቋል። ቤቱን ሲከቡት አንዲት ወጣት ሴት ማሰሮ ተሸክማ መጣች። ትብለጥ ትባላለች። ውሃ ልቀዳ ነው ብላ ከሥራዋ ተደብቃ ነው የመጣችው፤ ቤቱ የአባቷ ነበር። ለእማዋይሽ ውሃ ሰጠቻት፤ ከዚያ ወደ ቢረሳው ዞረች።

‹እግዜር ያክብርልኝ፣ አባባ። እሷስ ተፈርዶባት ነው። እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ፣ ማንም ሳያስገድድዎ፣ ለአባቴ ብለው . . . የማን አባት ብዬ ላመስግንዎ?›

እማዋይሽ አካፋዋን ያዝ አደረገች። ቀና አላለችም፤ ግን ትሰማ ነበር። ቢረሳው ስሙን ብቻ ቢናገር ይበቃው ነበር፤ በአገሩ ብዙ ቢረሳው ነበሩ።

‹አሳራፊው ነኝ› አለ።

‹መለከቱን የሚነፉት?›

‹አዎ። ስነፋ ማሽኑ ይሠራ ነበር። በላባ ነበር የሚነኩት። ይሰበራል ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። አውቅ ነበር።›

ትብለጥ ማሰሮውን አስቀመጠችና የግድግዳው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ አላለም።

‹አባቴ ጓንጉል ይባላል። ሸማኔ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት መጥቼ፣ አባዬ ዝናቡ ከብዷል፣ እኔ ጋ ላይ ውጣ ብዬው ነበር። ሰሞኑን መለከት ተነፍቷል፣ ማሽኑ ታይቷል፣ ምን ሆንሽ አለኝ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። መለከቱን ሲሰማ መወርወሪያውን ያስቀምጥና፣ እነዚህ ሰዎች ይባረኩ፣ ስለ እኛ ያስባሉ ይላል። ማሽኖቹ ጸጥ አለማለታቸውን እንኳ ልብ አላለም፤ ጆሮው ደክሞ ነበር። መለከቱን ብቻ ነበር የሚሰማው።›

ቢረሳው አካፋው ላይ ተደገፈ።

‹ያን ቀን፣ መጨረሻ ሲነፉ፣ ምን ያስቡ ነበር?› ብላ ጠየቀችው። ልትወቅሰው አልነበረም። የእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው።

አንድ ትልቅ ነገር ሊያገኝ ፈለገ። አዛዡን፣ ንጉሡን፣ ፍርሃቱን፣ ሊያጣ የሚችለውን ቤት። ያን ቀን ግን ከእነዚህ አንዱም በልቡ አልነበረም።

‹ዝናብ እየመጣ ነበር› አላት። ‹ሳልረጥብ ቤቴ ለመግባት ነበር የማስበው።›

‹ስለ እኛ አልነበረም ማለት ነው።›

‹አልነበረም።›

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ከዚያ ማሰሮውን አንሥታ ውሃ ቀዳችና ዘረጋችለት።

‹ይጠጡ› አለችው።

ተቀብሎ ጠጣ። ውሃው ጣፈጠው፤ መጣፈጡ አሳፈረው።

ትብለጥ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ‹የሽመና ጉድጓዱ ከዚህ ግድግዳ ሥር ነው። አባቴ ከዚያ አይነሣም ነበር። ከአሁን በኋላ በአካፋ አይሆንም፤ በእጅ ነው።›

ሦስቱም ተንበረከኩ። ቢረሳው ጣቶቹን ጭቃው ውስጥ ሰደደና መጫር ጀመረ፤ ቸኩሎ ነበር። እማዋይሽ ከጎኑ ሆና ጭቃ የለበሰ እጇን የእሱ እጅ ላይ ጫነች።

‹ቀስ ብለህ› አለችው።

ቀስ ብሎ ጫረ። የዚያች አገር ወሬ እኔ ዘንድ የደረሰው እስከዚህ ነው።